መብራት ሲመጣ የሚደነግጡት ሰው

ቲቸር በላቸው ማረፋቸውን የነገሩኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ጠዋት ደብተሬን አቅፌ በሩን ሳልፍ ከወንበራቸው ተነሡና «እመቤት፣ ቆዪ እስቲ» አሉኝ። ቆምኩ። እሳቸው ግን ወሬውን ትተው ኮፍያቸውን አውልቀው አራገፉና መልሰው አጠለቁ።

«ምነው ጋሼ?»

«ቲቸር በላቸው... ካራቆሬ። ወባ ጥሏቸው ነበር አሉ። ትናንት ተቀበሩ።»

አንድ ቃል ሳልተነፍስ ከአስፋልቱ ማዶ ጩኸት ተነሣ። ከንጋት ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራት መጥቶ ነው። ልጆች «መጣ! መጣ!» ይላሉ፤ የጁስ ቤቱ ሙዚቃ ካቆመበት ቀጠለ፤ ወፍጮ ቤቱ አጓራ። ከተማው ደስ ሲለው እኔና ጋሼ እንድሪስ ክው አልን። እሳቸው አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ፤ እኔ ደብተሬን ጣልኩ። ከዚያ ተያየን። ሁለታችንንም እንዲህ መደንገጥ ያስተማሩን ሟቹ ናቸው።

ስለ እሳቸው የምጽፈው እየፈራሁ ነው፤ ግን ደግሞ ደስ እያለኝ ነው። መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸዋ! ያውም የፊዚክስ መምህር ሆነው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ «ኤጭ!» ይላል። ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ይወድቅብናል፣ ደብተር ማራገቢያ ይሆናል። ቲቸር በላቸው ግን የዚያን ጊዜ ነው ትከሻቸው የሚረግበው። ጠመኔውን ያስቀምጡና ቀልድ ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመጣ የጀመሩት ቀልድ አፋቸው ላይ ይቆማል፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ይተከላል፤ አጠገባቸው ያለውን ተማሪ ትከሻ ይጨብጣሉ። አንድ ቀን የጨበጡት የኔን ነበር። እጃቸው በረዶ ነው። በሮቢት ሙቀት፣ በቀትር፣ በረዶ!

አጭር ሰው ናቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ ይቆልፋሉ። ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ከሥሩ ያያሉ። በር ከመዝጋታቸው በፊት በሩ መሐል ጣት እንዳለ ያያሉ። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሹፌሩ ሳያስነሣ «ከኋላ ሰው አለ?» ይላሉ።

«ኧረ ቲቸር! ባጃጅ እኮ ነው፣ ባቡር አይደለም» አላቸው አንዱ ሹፌር፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ።

«ባቡርማ ከሐዲዱ አይወጣም። የምፈራው አንተን ነው።»

«ሰው አለ?» የሚለው ነገር ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ። በመስኮት ሲያልፉ ወንዶቹ በአንድ ድምፅ «ሰው አለ?» ይላሉ፤ ከወዲያኛው ክፍል ሌሎቹ «የለም!» ብለው ይመልሳሉ። እሳቸው አይቆጡም። «የለም ያልከኝ ማን ነህ ታዲያ?» ብለው ያልፋሉ።

አሁን ወደ ሳህኖቹ ልግባ። በየክፍሉ ፕላዝማ በተተከለበት ዘመን የመጣ አንድ ትልቅ የዲሽ ሳህን ተበላሽቶ ከላብራቶሪው ጀርባ ወድቆ ነበር። ፍየል ይወጣበታል። ቲቸር በላቸው አነሡት። ከዚያ በየሆቴሉ እየዞሩ ያገለገለ ሳህን ለመኑና አራት አደረሱት። በብረት ምሰሶ ላይ በረድፍ ተከሏቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚያዞረው ሞተር ገጠሙለት። እንደ ከፍታቸው የአካባቢያችንን ቦታዎች ስም አወጣንላቸው። ትልቋ ጣርማ በር፣ ቀጥላ አሊዩ አምባ፣ ከዚያ ካራቆሬ፣ ትንሿ ሮቢት። ጣርማ በር ከባድ ስለሆነች ሚዛን እንዲጠብቅላት ከጀርባዋ በሲሚንቶ የተሞላ የጭነት መኪና ቸርኬ በረጅም ብረት ተያይዟል። ሳህኗ ወደ ሰማይ ቀጥ ስትል ቸርኬው በጀርባዋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመሬት አንድ ክንድ ሲቀረው ይቆማል። ይህን ቸርኬ አስታውሱልኝ።

«ፀሐይ የምትልከው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ሬዲዮም ትልካለች» አሉን በመጀመሪያው ቀን። «አንድ ሳህን አንድ ጆሮ ነው። አራቱ እኩል ወደ እሷ ዞረው፣ እኩል ካዳመጡ ግን አንድ ግዙፍ ጆሮ ይሆናሉ።»

«ቲቸር፣ ምን ትላለች ታዲያ?»

«ሽሽሽ ነው የምትለው። ዝም በሉ ማለቷ ይሆናል። በተለይ ዘጠነኛ ቢን።»

እውነትም ሽሽሽ ነው። ሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ሳህኖቹ ሲያገኟት ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያጧት ይሳሳል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እስከ ቤቴ ሮጬ ሄድኩ።

አራቱን እኩል ማዞር በእጅ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ነው የሚያዛቸው፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ አንድ ፋይል ያዘዋል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በየመስመሩ አንድ ትእዛዝ። ቲቸር በላቸው ትእዛዞቹን አማርኛ አድርገዋቸው ነበር፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። «ተመለሱ» ካለ አራቱም ወደ ሰማይ ቀጥ ይላሉ። «ዙሩ» ካለ ፀሐይን ይከተላሉ። «ቆዩ» አለ፣ «ስሙ» አለ። ኮምፒውተሩ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እያነበበ ይፈጽማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ራሱ ይነሣና ፋይሉን እንደገና ከመጀመሪያው ያነባል። መብራት በቀን አራት ጊዜ በሚሄድበት ከተማ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ፋይሉ አሥራ ሁለት መስመር ነበር። ከሁሉ በላይ የተቀመጠችው «ሰው እይ» ትላለች። ኮምፒውተሩ እሷ ላይ ሲደርስ አንድም ሳህን ሳያንቀሳቅስ ይቆምና ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ይጀምራል። አንዳችን እስክንነካው ድረስ አይቀጥልም። ከመንካታችን በፊት ሕግ አለ። ተነሥተን ወደ መስኮቱ እንሄዳለን፣ አራቱንም ሳህኖች እናያለን፣ ሦስት ጊዜ «ሰው አለ?» ብለን እንጣራለን። መልስ ከጠፋ ብቻ ተመልሰን የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንነካለን።

«ቲቸር፣ እያየሁት እኮ ነው፣ ማንም የለም። ለምን እጣራለሁ?» አልኳቸው።

«ዓይን ያየው የጠበቀውን ነው። ጆሮ ግን ያልጠበቀውንም ይሰማል።»

«እስከዚያ ፀሐይ ብታመልጠንስ?»

«ትሂድ። ፀሐይ ነገም አለች።»

ይህንን «ፀሐይ ነገም አለች» ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። የሚሉትም እየሳቁ አልነበረም።

ምክንያቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩን። መብራት ጠፍቶ ላብራቶሪው ውስጥ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ልጅ የቆመ ቬንትሌተር ውስጥ እጁን ከቶ አቧራውን ይጠርጋል። ቲቸር በላቸው ብድግ ብለው እጁን መነጨቁት፤ ልጁ ከነወንበሩ ወደቀ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ካራቆሬ ወፍጮ ቤት ነበረን» አሉ። «እኔና ወንድሜ። መብራት ሄደ። ቀበቶው ውስጥ ጆንያ ተጠምጥሞ ነበርና ወንድሜ ሊያወጣ ክንዱን አስገባ። ማጥፊያው ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጠፍቷል ብዬ አላወረድኩትም። ጠፍቷልና ምን ያደርጋል? ... ከዚያ ልጆቹ ውጪ መጣ መጣ ብለው ጮኹ።»

ቬንትሌተሩን አየሁት። ያየኝ መሰለኝ።

«መብራት ሲሄድ ማሽን አይሞትም» አሉ። «ያደባል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ያለውን ማቀዝቀዣ እንኳ መብራት በጠፋ ጊዜ በጎኑ አላልፍም ነበር። እናቴ «ምን ነክቷታል ይቺ ልጅ? ይነክሳታል እንዴ?» ትለኛለች።

የመጻፍን ነገር ያስተማሩኝም በዚያው ፋይል ነው። መጀመሪያ የጻፍኩትን ሲያዩ «ችኩሌ» አሉኝ፤ ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። «ችኩሌ፣ ሰው በአፉ ሲያዝ አጠገብ ነው። ጥፋት ካየ ቆይ ይላል። በጽሑፍ ያዘዘ ግን ሲነበብ እዚያ የለም። ስለዚህ የሚጽፍ ሰው እዚያ ለሚኖረው ሰው ነው የሚጽፈው።» ደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፍኩት። ጻፍኩት እንጂ አልገባኝም ነበር።

እዚያ የሚኖረው ሰው ጋሼ እንድሪስ ነበሩ።

ጋሼ እንድሪስ ንጋት ላይ ማሾ እርሻቸውን አይተው፣ ከጠዋቱ ደወል ጀምሮ በር ይጠብቃሉ። ግቢያችን ዛፍ የለውም፤ ችግኝ በዓመቱ ይተከላል፣ ፍየል በሳምንቱ ይበላዋል። ቀትር ላይ ጥላ ያለው ጣርማ በር ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲደርስ ጋሼ እንድሪስ በፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ታጥበው ውዱእ አድርገው ምንጣፋቸውን ይይዙና ወደ መስኮቱ ይመጣሉ።

«ቲቸር፣ ልስገድ ወይ?»

«ይስገዱ ጋሼ። ሳይጨርሱ አንነካም።»

አንድ ቀን ቲቸር በላቸው «ከዚያ ቸርኬ ሥር አይፈሩም ግን?» አሏቸው።

«እኔ ከቸርኬ ሥር አይደለም የምሰግደው» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «በአማና ነው የምሰግደው፣ በተሰጠኝ እምነት። አማና ከሰማይ የሚከብድ ነገር ነው፤ ቸርኬ ምን አላት?»

ቲቸር በላቸው በዚህ አልሳቁም። ላባቸውን ጠረጉ።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስኩ። ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ሳህኖቻችንን ሊያዩ! ቲቸር በላቸው የዕለቱን ፋይል እንድጽፍ ለኔ ሰጡኝ። ለኔ ብቻ። ከበፊቱ ቀን ጀምሮ ስንለማመድ መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ሦስቴም ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ እያለ ተገተረ፤ እኛም ወደ መስኮት፣ ሰው አለ፣ ሰው አለ፣ ሰው አለ። ወንዶቹ እየሳቁ «እንግዶቹ ፊት እንዲህ ብለን ልንጮህ ነው?» አሉ። አፈርኩ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ፋይሉን ከፈትኩና «ሰው እይ» የምትለውን መስመር አጠፋኋት። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ነገ እመልሳታለሁ ብዬ። አሥራ አንድ መስመር ሆነ፤ ከላይ የቀረችው «ተመለሱ» ናት። ሳየው እንዴት እንደሚያምር! ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ምንም ትርፍ የሌለው። ለማንም አልነገርኩም፤ ሳህኖቹ ያለ ጥያቄ ብድግ ሲሉ ቲቸር ተገርመው «ችኩሌ፣ ምን አደረግሽው?» ሲሉኝ ለመስማት ነበር የጓጓሁት።

በማግስቱ ቲቸር ውጪ የእንግዶቹን ወንበር ሲያዘጋጁ ፋይሉን እኔ ቀድሜ አስነሣሁት፤ ሳህኖቹ ረፋዱ ላይ ፀሐይን እየተከተሉ ሳለ መብራት ሄደ። ጣርማ በር ዘንበል እንዳለች ቀረች፤ ቸርኬዋም ከኋላዋ ሰው ራስ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ። እንግዶቹ ዘገዩ። ቲቸር በላቸው ላብራቶሪውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ሊቀበሏቸው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ከውጪ በመስኮቱ ጥላ ሥር ቀረሁ። ቀትር ሆነ። እንግዶቹ ደርሰው ቲቸር በሩ ላይ እየጨበጧቸው ሳለ ጋሼ እንድሪስ ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ። ላብራቶሪው ተዘግቷል፤ እኔን ብቻ አገኙ።

«ልስገድ ወይ?» አሉኝ።

እንግዶቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር። «ይስገዱ ጋሼ» አልኩ። እንዲሁ፣ ሳላስብ፣ እንደ ቲቸር።

ጣርማ በር ሥር ምንጣፋቸውን ዘረጉ፣ ቆሙ።

ያን ጊዜ ከአስፋልቱ ማዶ «መጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ! ከዚያ በመስኮቱ ብረት መሐል የኮምፒውተሩ መስታወት ብልጭ ሲል አየሁ። የሰረዝኳት መስመር ትዝ አለችኝ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ እስኪነሣ ይዘገያል። ጥቁር ሆነ። ነጭ ጽሑፍ መጣ። ሄደ። አሥራ አንዱ መስመሮቼ ናቸው ከውስጡ ተነሥተው የሚመጡት፣ ከላያቸው ማንም የለም፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው።

«ጋሼ!» አልኩ። «ጋሼ፣ ከዚያ ይነሡ!»

ጋሼ እንድሪስ ሰምተውኛል። ሶላት ላይ ያለ ሰው ሲጠራ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አላሁ አክበር» አሉ፤ እየሰገድኩ ነው፣ ቆዪ ማለታቸው ነው። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። ሱጁድ ወርደው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አደረጉ።

ሞተሩ ግርርር አለ።

አልተንቀሳቀሱም። ለምን ይንቀሳቀሱ? ሞተሩ ከተነሣ አንድ ሰው መስኮት ድረስ መጥቶ፣ አይቷቸው፣ እሳቸውን የሚነካ እንዳልሆነ አረጋግጧል ማለት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ሲሆን ኖሯል። ቸርኬው መውረድ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ቀስ ማለቱ ነው የሚያስፈራው። የሚቸኩልበት ጉዳይ እንደሌለው ሰው። ከኔ እስከ እሳቸው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ በሕልሜ የሚመጣው ቸርኬው አይደለም፤ ያ እግሬ ነው።

አፌ ብቻ ታዘዘኝ። «ሰው አለ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰው አለ! ሰው አለ!»

ቲቸር በላቸው በሩ ላይ የአንዱን እንግዳ እጅ እንደጨበጡ ነበሩ። አንድም ነገር አልጠየቁም። እኚያ አጭር ሰው እንደዚያ ሲሮጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ጋሼ እንድሪስን ለማንሣት ጊዜ አልነበራቸውም፤ የምንጣፉን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙና ሰውየውን ከነሱጁዳቸው ጎተቷቸው። ምንጣፉ ከነጋሼ እንድሪስ ወጣ። የቲቸር ቀኝ ክንድ ግን በቸርኬውና በምሰሶው መሐል ቀረ።

ድምፁን አልጽፈውም።

ኮፍያቸው ወድቆ፣ ግንባራቸው ላይ አቧራ እንዳለ፣ ጋሼ እንድሪስ ከላብራቶሪው ውጪ ወዳለው ቆጣሪ ሮጡና ማጥፊያውን ወደ ታች መቱት። ሞተሩ ዝም አለ። የከተማው ሙዚቃ ከሩቅ ይሰማል። ቲቸር በላቸው ምሰሶውን ተደግፈው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ፈለጉኝ በዓይናቸው። አገኙኝ። በእንግዶቹ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው፤ ጣርማ በርን፣ ማለቴ እውነተኛውን ጣርማ በር፣ እንዲያ ሆነው ወጡት።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ዲሬክተሩ ቢሮ ውስጥ እኔም ምስክር ሆኜ ቆሜያለሁ፤ ቲቸር ክንዳቸው በነጭ ጀሶ ታስሮ ተቀምጠዋል።

«መብራት ሲመጣ መቆም ነበረበት ብለዋል። ለምን አልቆመም? የዕለቱን ፋይል የጻፈው ማን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

ከግድግዳው ላይ የሰዓቱ ድምፅ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቲቸር በላቸው።

ዝም አልኩ። ይኸው ነው፤ ዝም አልኩ። ከላብራቶሪ እንዲርቁ ተወሰነባቸው፤ ወደ ካራቆሬ፣ አንደኛ ደረጃ እንዲያስተምሩ ደብዳቤ ወጣ። ኮሚቴው የቀረውን በሚቀጥለው ስብሰባ አያለሁ ብሎ ተነሣ፤ ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ አልተጠራም።

ዕቃቸውን ሊያስረክቡ በመጡ ቀን በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ልሮጥ ነበር። «ችኩሌ» አሉኝ፣ እንደ ድሮው።

«አቤት ቲቸር።»

«ፋይሉን አየሁት። አሥራ አንድ መስመር ነው።»

መሬት መሬት አየሁ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይምቱኝ ብዬ ለመንኩ በሆዴ። እሳቸው በግራ እጃቸው ሊቆልፉ የሚታገሉትን የአንገታቸውን ቁልፍ ትተው፣ «እኔም ያን ቀን ማጥፊያው ጋ ነበርኩ» አሉኝ። «አሥራ ሁለተኛውን ስትጽፊ ጥሪኝ። መጥቼ አየዋለሁ።»

አልጠራኋቸውም። ካራቆሬ ስንት ሩቅ ነው? በሚኒባስ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ነው። ዓመት ሙሉ ነገ፣ ነገ እያልኩ፣ ኮምፒውተሩን መንካት እየፈራሁ፣ ላብራቶሪው ጎን ሳልፍ ፊቴን እያዞርኩ ኖርኩ። ሳህኖቹ ላይ ወፍ ሰፈረባቸው። ጋሼ እንድሪስም ከዚያ ወዲያ በር ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ሲሰግዱ አያለሁ።

ታዲያ ያን ጠዋት፣ ደብተሬ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ጋሼ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙልኝ፣ ከአፌ ወጣ።

«ጋሼ፣ መስመሩን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ቲቸር አይደሉም።»

ደብተሬን አራገፉ። «አውቃለሁ።»

«ነገሩዎት?»

«እሳቸው? ይህን አይናገሩም። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ሞተሩ ሳይነሣ ነው ይነሡ ያልሽኝ። እየሰገድኩ ጠርተሽኝ የማታውቂ ልጅ! ሊመጣ መሆኑን ካላወቅሽ በምን ጠራሽኝ?»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን አልተቆጡኝም?»

«አማናውን የሰጡሽ እሳቸው ናቸው። እኔ ምን አገባኝ? ራሷ ታምጣው ብዬ ነው የጠበቅኩሽ።» ከኪሳቸው የላብራቶሪውን ቁልፍ አወጡ። «መብራት አለ። ዙሁር ሲደርስ ነይ።»

ቀትር ላይ ገባሁ። ኮምፒውተሩ አቧራ ለብሷል፤ የሞተሮቹ ገመድ ከአደጋው ወዲህ እንደተነቀለ ነው። ጋሼ እንድሪስ ቆጣሪው ጋ ሆነው ማጥፊያውን ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጉት ዘልዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ ፋይሉን ከፈትኩ። አሥራ አንዱ መስመር እንደ ንጹሕነቱ አለ። ከላያቸው ጻፍኩ፦ ሰው እይ። ሁለት ቃል ነው። ልክ መሆኑን ሰባት ጊዜ አነበብኩት።

የሞተሮቹን ገመድ ሰካሁና ፋይሉን አስጀመርኩት። ኮምፒውተሩ አነበበ። ቆመ። ጢጥ።

እግሬ እምቢ ሊለኝ ፈለገ፤ እየጎተትኩ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ጋሼ እንድሪስ ጣርማ በር ሥር ናቸው። ያንኑ ምንጣፍ፣ ጫፉ የተቀደደውን፣ ዘርግተው ቆመዋል። ቸርኬው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። ፊታቸውን ወደ ሰሜን አድርገው ይጠብቃሉ፤ ጥሪውን ነው የሚጠብቁት።

«ሰው አለ?» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

«ሰው አለ?»

«ሰው አለ?» ስል የጮኽኩት ካራቆሬ ድረስ ነው።

«አለ!» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ወደ ወንበሩ ተመለስኩና ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። በመስኮቱ ጋሼ እንድሪስ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲያነሡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ ሲሉ አየሁ። ከሳህኖቹ በላይ ፀሐይ እያለፈች ነው። ትሂድ። ፀሐይ ነገም አለች።